ፊርማችሁን አታበድሩ

ይህን የምጽፈው ለእኩዮቼ ነው። በኮልፌ ከጦር ኃይሎች እስከ ቤተል፣ ከአየር ጤና እስከ ዓለም ባንክ ተበትነን ለምንኖር፣ በሳይት አቧራና በክፍያ ወረቀት መካከል ጸጉራችን ለነጣ መሐንዲሶች፣ ኳንቲቲ ሰርቬየሮችና የሒሳብ ሰዎች፣ በሠራዊቱ የምህንድስና ክፍል ላገለገልንም ጭምር። ጡረታ ወጥተናል ብንልም ሥራው አልለቀቀንም። አንዱ ለአማካሪ ድርጅት ሬዚደንት ሆኖ ይሠራል። ሌላው ፈቃዱን በአንድ ተቋራጭ ስም አስመዝግቦ በየወሩ ጥቂት ብር ይቀበላል። ሦስተኛው በአገር ልጅነት ወይም በእድር ትውውቅ ተጠርቶ "አንዲት ወረቀት አየት አድርገህ ፈርምልን" ይባላል። መናገር የፈለግሁት ስለዚያች አንዲት ወረቀት ነው።

ወረቀቷ የዋጋ ማስተካከያ ጥያቄ ናት። ተቋራጩ ከመንግሥት ጋር ሲዋዋል የነበረው ዋጋና ሥራውን ሲሠራ ያገኘው ዋጋ ስለተራራቀ ልዩነቱ ይከፈለኝ የሚልባት። ከስሌቱ በታች የቀረበው መረጃ ትክክልና የተሟላ ስለመሆኑ የሚያረጋግጥ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ከዚያ ስም፣ ፊርማ፣ ማኅተም። ብዙዎቻችን ይህቺን ዓረፍተ ነገር እንደ ደብዳቤ መዝጊያ ሰላምታ አልፈናት እንሄዳለን። እኔ ግን እላችኋለሁ፦ በእጃችሁ ያላሰላችሁትን፣ በዓይናችሁ ያላያችሁትን አትፈርሙ። የሥራው ባለቤት የመከላከያ መሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ እጥፍ ተጠንቀቁ፤ ከእናንተ በኋላ ያንን ስሌት የሚከፍተው ሰው ላይኖር ይችላልና።

ለምን አሁን ትሉ ይሆናል። ብሩ ስለወደቀ ነው። ጥቅምት 1 ቀን 2010 ብር ከዶላር አንጻር በ15 በመቶ ሲቀነስ የነበረውን ጫጫታ ታስታውሳላችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ የሆነው ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ፌሮ፣ ሬንጅ፣ ነዳጅ፣ የማሽን መለዋወጫ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆነ። ከዚያ በፊት የተፈረሙ ውሎች ደግሞ በድሮው ዋጋ እንደተጻፉ ቀሩ። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ የዋጋ ማስተካከያ ፋይል ተከመረ። ከፋይሉ ውስጥ እውነተኛው አለ፤ ከእውነተኛው ጀርባ ተሸጉጦ የሚገባውም አለ። ሁለቱን የሚለየው በመካከል የቆመው ፈራሚ ብቻ ነው።

ተቋራጩን ሁሉ ሌባ ለማለት የተነሣሁ እንዳይመስላችሁ። የማውቃቸው ተቋራጮች አሉ፤ የሠሩበት ክፍያ ወራት ሲዘገይ ቤታቸውን በባንክ አስይዘው ሠራተኛ የከፈሉ፣ ማሽናቸውን ሸጠው ሥራ የጨረሱ። ለእነዚህ ሰዎች የዋጋ ማስተካከያ ችሮታ አይደለም፣ መብት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1764 ውል ለአንዱ ወገን ከገመተው በላይ ስለከበደው ብቻ አይለወጥም ይላል፤ ያው ሕግ ግን የአስተዳደር መሥሪያ ቤቶችን ውል በሚመለከተው ክፍሉ፣ አንቀጽ 3183 ላይ፣ ማንም ያላሰበው ነገር ደርሶ የውሉን ሚዛን ሲያናጋው ተዋዋዩ ከመሥሪያ ቤቱ እርዳታ እንዲጠይቅ በር ከፍቶለታል። በ2002 የወጣው የፌዴራል የግዥ መመሪያም ከ18 ወር በላይ ለሚፈጅ የግንባታ ውል፣ ውሉ 12 ወር ከሞላው በኋላ የዋጋ ማስተካከያ ይፈቅድ ነበር። የሚገባውን ጥያቄ በፍርሃት ጠረጴዛ ሥር የሚያቆይ መሐንዲስ የሐሰቱን ከሚፈርመው ብዙ አይሻልም። አንዱ የመንግሥትን ገንዘብ ይበትናል፣ ሌላው የሰው ላብ ይቀማል። እንዲያውም የሐሰት ጥያቄ የሚበረታው እውነተኛው በወቅቱ ሳይከፈል ሲቀር ነው፤ ተቋራጩ "ከጠየቅሁት ግማሹን ነው የሚሰጡኝ፣ ስለዚህ እጥፍ ልጠይቅ" ብሎ ይጀምራል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ክፋቱ ያለው ቀመሩ ውስጥ ነው። ፎርሙላውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የማይለወጥ ድርሻ አለ፤ ከዚያ ለጉልበት፣ ለሲሚንቶ፣ ለብረት፣ ለነዳጅና ለመሳሰሉት የተመደበ ድርሻ አለ፤ እያንዳንዱ ድርሻ የዛሬው የዋጋ ኢንዴክስ ለመነሻው ኢንዴክስ ተካፍሎ በሚገኘው ይባዛል፤ ተደምሮ የሚመጣው ቁጥር በወሩ ክፍያ ላይ ይመታል። በአንድ ውል ውስጥ የብረት ድርሻ 0.20 ነው እንበል፤ ሌላው ሁሉ አልተለወጠም፣ ብረት ብቻ ከ100 ወደ 180 ወጣ። ማባዣው 1.16 ይሆናል። ለ100 ሚሊዮን ብር ክፍያ ተቋራጩ 16 ሚሊዮን ብር ጭማሪ ይገባዋል ማለት ነው፤ ንጹሕ መብቱ ነው። አሁን አንድ ሰው የመነሻውን ወር ጥቂት ወደኋላ ጎትቶ መነሻ ኢንዴክሱን 100 መሆኑ ቀርቶ 90 አድርጎ ጻፈ። 180 ለ90 ሲካፈል 2 ነው፤ ማባዣው 1.20 ይሆናል፤ ጭማሪው 20 ሚሊዮን ብር ይሆናል። በአንዲት የሰንጠረዥ ሳጥን ውስጥ በተለወጠ አንድ ቁጥር 4 ሚሊዮን ብር ወጣ። ብረቱ ሳይሰረቅ፣ ሲሚንቶው ሳይጎድል፣ ግድግዳው ሳይጠምም። ሳይት የሄደ ተቆጣጣሪ ምንም አያይም። ይህን ሊያየው የሚችለው የመነሻውን ቀን ከጨረታ ሰነዱ፣ ኢንዴክሱን ደግሞ ከስታቲስቲክስ አገልግሎቱ ኅትመት አውጥቶ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው እኔና እናንተ ነን፤ ክፍያ የምንቀበለውም ለዚያ ነው።

ወጣቶቹ ኤክሴል አዘጋጅተው ሲያመጡላችሁ የመጨረሻውን ድምር ብቻ አትዩ። ሳጥኖቹን ክፈቷቸው። ከየትኛው ቀመር እንደመጡ፣ ወይስ በእጅ የተጻፉ ቁጥሮች እንደሆኑ እዩ። ለእያንዳንዱ ኢንዴክስ የታተመውን ገጽ ቅጂ ጠይቁ። "ከባለፈው ሰርተፍኬት የተወሰደ ነው" የሚል መልስ አይበቃም፤ ባለፈው የተሳሳተ ከሆነ በየወሩ እየተባዛ የሚሄደው እሱው ነውና።

የመጀመሪያው መደበቂያ ቀመሩ ነው፤ ሁለተኛው መዘግየት ነው። ተቋራጩ በራሱ ጥፋት ከማጠናቀቂያ ቀኑ አልፎ ሲሠራ የዋጋው መናር የሚገኘው በእሱ ዝግመት ውስጥ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የፊዲክ (የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) የውል ሁኔታ በንዑስ አንቀጽ 13.8 ይህን አስቦበታል፦ ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚወሰደው ኢንዴክስ ከማጠናቀቂያው ቀን 49 ቀን በፊት የነበረው ወይም የወቅቱ ሲሆን፣ ከሁለቱ ለአሠሪው የሚሻለው ይመረጣል። ነገር ግን የጊዜ ማራዘሚያው በጥድፊያ፣ ያለ በቂ ምክንያት፣ ከተፈረመ ይህ ጥበቃ በሙሉ ይፈርሳል። የጊዜ ማራዘሚያ ደብዳቤ ላይ የሚፈርም ሰው ገንዘብ የማይነካ ይመስለዋል። በዚህ ዘመን ግን ብዙው ገንዘብ የሚያልፈው በዚያች ደብዳቤ በኩል ነው።

ሦስተኛውን በአጭሩ ልለፈው፤ ሁላችሁም አይታችሁታል። ቫሪየሽን (የሥራ ለውጥ) በዛሬው ዋጋ ተሰልቶ ይጸድቃል፣ ከዚያ ያው ቫሪየሽን እንደገና በማስተካከያ ማባዣው ይመታል። አንድ ኪሎ ፌሮ ሁለት ጊዜ ይወደዳል።

በደረሰኝ የሚቀርበው ጥያቄ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ውሉ ፎርሙላ ሳይኖረው የመሠረታዊ ዋጋ ዝርዝርን ተከትሎ የሚሠራ ሲሆን ተቋራጩ የግዥ ደረሰኝ ያያይዛል። ሐሰተኛ ደረሰኝ በከተማችን የተስፋፋ በሽታ መሆኑን የገቢዎች መሥሪያ ቤቱ ራሱ ሲናገረው የኖረ ነገር ነው። እኛ ኮልፌ የምንኖር ሰዎች ለዚህ መድኃኒቱ ደጃችን ላይ አለን። አጠና ተራ ወርዳችሁ ጠይቁ። አጠናው፣ ጣውላው፣ ቆርቆሮው በስንት እንደሚሸጥ፣ ባለፈው ሰኔ በስንት ይሸጥ እንደነበር ነጋዴው ይነግራችኋል። ብረት ከፈለጋችሁ መርካቶ ሩቅ አይደለም። ደረሰኙ ላይ ያለው ዋጋ ከገበያው ሩቡን ያህል ከራቀ ለምን እንደራቀ በጽሑፍ መልስ ጠይቁ። ከዚያ ደግሞ የመጋዘን ካርዱን እዩ፦ ይህ ሲሚንቶ መቼ ገባ? በቅድሚያ ክፍያው፣ ዋጋው ገና ሳይንር ተገዝቶ የተከመረ ሲሚንቶ በዛሬ ደረሰኝ ተመልሶ እንዲከፈል ሲጠየቅ የሚጋለጠው በመጋዘን ካርድ ብቻ ነው። ከቀረጥ ነጻ የገባ ዕቃም ሲሆን ዋጋው ውስጥ ቀረጥ ተደምሮ እንዳይሆን ዲክላራሲዮኑን ካላያችሁ አታውቁም።

አሁን ወደ መከላከያው ልምጣ።

ሲቪል መንገድ ስንሠራ ቢያንስ ብዙ ዓይን አለ። ጨረታው በጋዜጣ ይወጣል፣ የተሸነፈው ተጫራች ያጉረመርማል፣ የወረዳው ሰው መንገዱን ይረግጠዋል፣ ኦዲተር ይመጣል፣ የምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ይጠይቃል። የጦር ሰፈር፣ የመሣሪያ መጋዘን ወይም የማሠልጠኛ ጣቢያ ሲሠራ ግን በሩ ይዘጋል። መዘጋቱ ምክንያት አለው፤ አገር ምሥጢሯን ገበያ ላይ አታሰጣም። ሕጉም ያውቀዋል። የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 በአንቀጽ 3፣ ለብሔራዊ ደኅንነትና ለአገር መከላከያ ሲባል ሚኒስትሩ ከሚመለከታቸው የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ጋር ተመካክሮ የተለየ የግዥ ሥርዓት እንዲከተሉ ሊወስን እንደሚችል ይደነግግ ነበር። ልብ በሉ፣ ያ አንቀጽ የተለየ ሥርዓት ፈቀደ እንጂ ሥርዓት አልባነትን አልፈቀደም፤ የተለየው መንገድም ቁጠባንና ቅልጥፍናን እንዲጠብቅ ያዛል። አሁን በቦታው አዋጅ ቁጥር 1333/2016 መጥቷል። አዋጁ ቢለወጥም የነገሩ ባሕርይ አልተለወጠም፦ ምሥጢር በበዛበት ቦታ የፈራሚው ኃላፊነት ይጨምራል። ሌላው ዓይን ሁሉ ስለተከለከለ የቀረው የእሱ ዓይን ብቻ ነው።

በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ የሰማሁትን አንድ ንግግር ልንገራችሁ። የሥራውንም የሰዎቹንም ስም አልጠራም። አንድ ባለሙያ የኢንዴክስ ምንጭ ሲጠይቅ "ይህ የመከላከያ ጉዳይ ነው፣ ዝርዝሩ ምሥጢር ነው" ተባለ። የሲሚንቶ ኢንዴክስ የአገር ምሥጢር ሆኖ አያውቅም! የሚታተም ቁጥር ነው። የሰፈሩ ካርታ ምሥጢር ሊሆን ይችላል፣ የጥበቃው አቀማመጥ ምሥጢር ሊሆን ይችላል፤ የአንድ ኩንታል ዋጋ ግን ምሥጢር የሚሆነው ለሚሰርቀው ሰው ብቻ ነው። ይህን ቃል የሚሰነዝርባችሁ ሰው ባለማዕረግ ቢሆንም፣ ድምፁ ቢከብድም፣ ጥያቄያችሁን በወረቀት አድርጉትና መልሱን በወረቀት ጠብቁ። በሠራዊቱ ውስጥ ያገለገላችሁ ከሁላችን በላይ ታውቁታላችሁ፦ ትእዛዝ የሚባለው ፊርማ ያለው ነው።

ሜቴክን አስታውሱ። የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን በ2002 በመከላከያ ሚኒስቴር ሥር ሲቋቋም በ10 ቢሊዮን ብር ካፒታል ነበር፤ ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ነበር። ልጆቻችን ከዩኒቨርሲቲ ወጥተው ገብተውበታል። የታላቁ የሕዳሴ ግድብ የኤሌክትሮ ሜካኒካልና የብረታ ብረት ሥራ፣ የስኳር ፋብሪካዎች፣ የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ ተሰጡት። ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ። ሥራው ዘገየ፣ ክፍያው ከሥራው ቀድሞ ሮጠ፤ በነሐሴ 2010 የግድቡ ሥራ ከእጁ እንደሚወጣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተናገሩ። ኅዳር 3 ቀን 2011 የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ብርሃኑ ጸጋዬ በሰጡት መግለጫ ድርጅቱ 37 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ለሕዝብ አሰሙ። ግድቡ በመጨረሻ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ የጠፋው ዓመት ግን አልተመለሰም።

የማን ጥፋት ምን ያህል እንደሆነ መወሰን የፍርድ ቤት ሥራ ነው፣ የእኔ አይደለም። የሜቴክ ጉዳይም በዋናነት የዋጋ ማስተካከያ ጉዳይ አልነበረም። የማነሣው ለአንድ ነገር ነው። በየትኛውም ትልቅ ሥራ ገንዘብ ከካዝና የሚወጣው በሰርተፍኬት ነው፤ እያንዳንዱ ሰርተፍኬት ላይም "ተሠርቷል፣ ይከፈል" ያለ ሰው ስም አለ። ክፍያ ከሥራ ቀድሞ ሮጦ ሲገኝ በየመንገዱ የፈረሙ ትንንሽ እጆች አሉ ማለት ነው። መርማሪ ሲመጣ ደግሞ በመጀመሪያ የሚያነሣው ወረቀቱን ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው የአዛዡ ድምፅ አይደለም፣ የእናንተ ፊርማ ነው። በስልክ ያዘዘ ሰው "አላዘዝኩም" ይላል። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007ም የሚያየው የተሰጠውን ሥልጣንና ኃላፊነት ማን ምን እንዳደረገበት ነው። "ተነግሮኝ ነው" የሚለው መልስ እዚያ በር ላይ ቀላል ሆኖ አይቀርም።

ከአገር ውጭ ያለውንም አንድ ምሳሌ ልጨምር፣ ነገሩ የእኛ ድህነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካኖች ይህን ትምህርት በደም ነው የተማሩት፤ በእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ ለሠራዊቱ የተበላሸ ዕቃ በሸጡ ነጋዴዎች ተመርረው በ1863 እ.ኤ.አ. በመንግሥት ላይ የሐሰት ሒሳብ የሚያቀርብን የሚቀጣ ሕግ አወጡ። ዛሬ ለመከላከያቸው የሚሠራ ተቋራጭ ከተወሰነ መጠን በላይ የዋጋ ማስተካከያ ሲጠይቅ፣ ጥያቄው በቅን ልቦና የቀረበ፣ መረጃውም እስከሚያውቀው ድረስ ትክክልና የተሟላ መሆኑን ሥልጣን ያለው ሰው በፊርማው ያረጋግጣል። ፓላው በምትባል የፓስፊክ ደሴታማ አገር ውስጥ የደቡብ ኮሪያው ዴው ድርጅት ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት የምህንድስና ክፍል መንገድ ይሠራ ነበር። ዝናብና የአፈሩ ርጥበት ሥራውን አዘገየው ብሎ 64 ሚሊዮን ዶላር ያህል ጠየቀ፣ አረጋግጦም ፈረመ። ከዚህ ውስጥ 13 ሚሊዮን ያህሉ እስከዚያ አወጣሁት ያለው ነው፤ የቀረው ከ50 ሚሊዮን በላይ ወደፊት አወጣለሁ ብሎ የገመተው። ፍርድ ቤቱ በ2006 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን ሲመረምር ትልቁ ቁጥር ለመደራደሪያ የተነፋ ሆኖ አገኘው። የጠየቀውን ማጣቱ ሳያንስ 50.6 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ይግባኝ ሰሚው አጸናው።

ይህን ፍርድ ሳነብ የቆጨኝ አንድ ነገር አለ። ያ ድርጅት እውነተኛ ችግር ሳይኖርበት አይቀርም ነበር፤ ዝናብ በዚያ አገር በእርግጥ ይዘንባል። እውነተኛውን ብቻ ቢጠይቅ በሰላም ሊከራከርበት ይችል ነበር። "ሰፋ አድርገን እንጠይቅ፣ እነሱ ይቀንሱታል" የሚለው የገበያ ልማድ እውነተኛውንም ይዞት ገደል ገባ። እኛ አገር ይህ አነጋገር ስንት ጊዜ ተሰምቷል? የድርድር ቦታ ሌላ ነው፣ ማረጋገጫ የሚፈረምበት ቦታ ሌላ ነው። በድርድር ላይ ተቋራጩ የፈለገውን ይበል። ትክክል መሆኑን አረጋግጣለሁ ባላችሁበት ቁጥር ላይ ግን የመደራደሪያ ትርፍ መኖር የለበትም።

ፈቃዳቸውን ስለሚያከራዩት እኩዮቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ጡረታው እንደማይበቃ አውቃለሁ። የቤት ኪራይ፣ የደም ግፊት መድኃኒት፣ የልጅ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ሁሉም በአንድ ደመወዝ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የአንዱ ባለሙያ ፈቃድ በአንድ ድርጅት ደረጃ ማሳደሻ ውስጥ ይገባል፣ እሱም ሳይቱን ሳያይ በወሩ መጨረሻ ብር ይቀበላል። አብረን የተማርን፣ አብረን ድልድይ የቆጠርን ሰው ይህን ሲያደርግ ሳይ ያመኛል። ምክንያቱም ፈቃዱን የተከራየ ድርጅት ውሎ አድሮ ፊርማውንም ይፈልጋል። መጀመሪያ የሠራተኛ ዝርዝር ላይ፣ ቀጥሎ የመሣሪያ ዝርዝር ላይ፣ በመጨረሻም የዋጋ ማስተካከያ ጥያቄው ላይ። እምቢ ለማለት በዚያን ጊዜ ይከብደዋል፤ ስንት ወር በልቷልና። እባካችሁ፣ አሁኑኑ ፈቃዳችሁን አውጡት። ችግር ካለ እንነጋገር፤ እድራችን ሬሳ ለመሸኘት ብቻ የተቋቋመ አይደለም፣ በቁም ያለውንም መደገፍ ይችላል።

የምንኖርበትንም ቦታ አስቡ። ኮልፌ የወታደር መንደር ነው። በ1954 ኔልሰን ማንዴላ የሰለጠኑት በዚሁ ሰፈራችን ካምፕ ነበር፤ ከዚያ በፊትም በኋላም ስንቱ ወታደር እዚህ ኖሮ፣ እዚህ ልጅ አሳድጎ፣ እዚህ ተቀብሯል። ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ከጎናችን ነው። ከሰሜኑ ጦርነት የተመለሱትን ልጆች በክራንች ሲሄዱ በአደባባዩ ላይ አይተናቸዋል፤ ጥቅምት 23 ቀን 2015 በፕሪቶሪያ ሰላም ሲፈረም በየቤታችን የተለቀሰው የደስታም የሐዘንም ነበር። በዚያ ዓመት ከአገሪቱ 786 ቢሊዮን ብር ከሚበልጥ በጀት 84 ቢሊዮኑ ለመከላከያ ተመድቦ ነበር። ከአስተማሪው፣ ከሐኪሙ፣ ከመንገዱ ተቀንሶ የተሰጠ ነው። ወታደሩ በዚያ ገንዘብ የሚያገኘው የማያፈስ ጣሪያ፣ ንጹሕ ውኃ፣ የሚሠራ ክሊኒክ ነው። በመነሻ ኢንዴክስ ላይ በተለወጠ አንድ ቁጥር የሚሄደው 4 ሚሊዮን ብር የሚቀነሰው ከዚያ ጣሪያ ላይ ነው፤ ከጣሪያው ሥር የሚተኛው ደግሞ የጎረቤታችሁ ልጅ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ የሚለኝ ካለ፣ አስቸጋሪ ነገር አልጠይቅም። ጥያቄው ሲመጣ ሙሉ በሙሉ እምቢ ማለትም ሙሉ በሙሉ እሺ ማለትም አያስፈልግም። ከፍሉት። ያሰላችሁት፣ ምንጩን ያያችሁት፣ የሚስማማችሁ መጠን ይህን ያህል ነው ብላችሁ ጻፉና ለእሱ ፈርሙ፤ ተቋራጩ የሚገባው ገንዘብ ሳይዘገይ ይድረሰው። ያልተረጋገጠውን ለብቻው አስቀምጡና የጎደለውን ሰነድ በስም ጥቀሱ፦ የዚህ ወር የብረት ኢንዴክስ ኅትመት፣ የዚህ ጭነት ዲክላራሲዮን፣ የዚህ ቀን የመጋዘን ካርድ። ስሌታችሁን በእጃችሁ ጻፉበት፣ ቀን አድርጉበት፣ ቅጂውን ቤታችሁ አስቀምጡ። የአሠሪው ተወካይ ቢቆጣ ይቆጣ። ተቋራጩ "ሌላ ፈራሚ እናገኛለን" ቢል ያግኝ፤ ያኛው ፈራሚ ግን ከመካከላችን አንዱ እንዳይሆን ነው ልመናዬ። በዚህ ሰፈር ያለን ባለሙያዎች እንተዋወቃለን። አንዱ እምቢ ያለውን ሌላው እንዳይፈርም አስቀድሞ መጠያየቅ ይቻላል፤ አንድ ስልክ ይበቃል።

የመጨረሻው ቃሌ አስቀድመው ለፈረሙት ነው። ከእናንተ መካከል ይህን እያነበበ የአንድ ሰርተፍኬት ቁጥር ትዝ ያለው ሰው እንዳለ አውቃለሁ። በፊዲክ ውል የሚሠራ ከሆነ መሐንዲሱ ቀደም ብሎ ያወጣውን የክፍያ ሰርተፍኬት በሚቀጥለው ላይ ማረም ይችላል፤ በ1987 እ.ኤ.አ. እትም 60.4፣ በ1999 እ.ኤ.አ. እትም 14.6 ላይ ተጽፎ ይገኛል። ስሌቱን እንደገና አውጡ። ልዩነቱን በሚመጣው ወር ሰርተፍኬት ላይ ቀንሱት፣ ምክንያቱን በደብዳቤ አያይዙ፣ ለአሠሪውም ለተቋራጩም ግልባጭ አድርጉ። ይህን ማድረግ የሚቻለው ግን የመጨረሻው ክፍያ ሰርተፍኬት እስኪወጣ ድረስ ነው። ሥራው ወደ ርክክብ እየተቃረበ ከሆነ በዚህ ሳምንት ጀምሩት።